ሚኒሞው ሲጮህ ብሎኗን አትንኳት

መኪናዬ የ94 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 1.6፣ ማርሿ በእጅ። አምና ክረምት ላይ ጠባይዋ ተለወጠ። መብራት ይዞኝ ቆሜ፣ እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ፣ ሚኒሞዋ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይነካ ሞተሯ በደቂቃ የሚዞረው ዙር፣ 1,800 ላይ ተቸክሎ ትጮሃለች። አጠገቤ የቆመው ሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እህት፣ ልትበሪ ነው እንዴ?» አለኝ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፈተና ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያይ ካቻቪቴ አነሳ። «ሚኒሞዋን ዝቅ ላድርግልሽ» ብሎ ለሚኒሞው አየር የምታሳልፍ አንዲት ብሎን እስከ መጨረሻው አጠበቀ። 1,500 ገባች። ከፈልኩ፣ ሄድኩ። በሳምንቱ ተመልሳ 1,800።

ያዳኑኝ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ብሎኗ ድርግም ብላ ተዘግታ ዙሩ ካልወረደ፣ አየሩ በሌላ በር ነው የሚገባው። በሩን ነው መፈለግ።» አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ቤንዚን ሞተር እግራችሁ ሳይነካው ከጮኸ፣ ከሚገባው በላይ አየር እያገኘ ነው ማለት ነው። የኔ ሞተር አየሩን የሚያውቀው በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ባለው ግፊት ነው። ስለዚህ አየሩ በተቀደደ ቱቦ ቢገባም ኮምፒውተሩ «አየር በዛ» ብሎ ቤንዚን ይጨምርለታል። ዙሩ ይወጣል፤ የቤንዚን ወጪያችሁም አብሮ።

መጀመሪያ ግን በእርግጥ ችግር መኖሩን እዩ። ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ 1,500 አካባቢ ብትጮህ ጤና ነው። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ቀስ እያለ ይወርድና 700 እና 800 መካከል ይቀመጣል። የሙቀት መርፌው መሃል ደርሶም ካልወረደ ነው ወደ ሥራ የሚገባው።

ከመጀመራችሁ በፊት የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ቁሙ። ነጠላም ሆነ ሻርፕ ካደረጋችሁ አውልቁ። ቺንጋው ዘመድ አያውቅም።

ቀላሉ ካቦው ነው። የእግር ምንጣፉ ፔዳሉን ተጭኖት እንደሆነ እዩ። አትሳቁ፣ ያጋጥማል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታችሁ የነዳጅ ካቦውን በጣት ነካ ነካ አድርጉት። ጥቂት ሚሊሜትር መላላት አለበት። እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ ፔዳሉ የሚከፍተውን የአየሩን በር ትንሽ ከፍቶ ይዞታል። ካቦው የታሰረበትን ምላስም ወደ መዝጊያው በኩል ገፋ አድርጉት። ዙሩ ከወረደ ወይ ካቦው ነው፣ ወይ በሩ ጥላሸት ይዞ አልገጥም ብሏል። ጥላሸቱ በካርቡራተር ማጽጃና በጨርቅ ይለቃል። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ታዲያ፤ ማጽጃው እሳት ይይዛል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፦ የራዲያተር ውሃ። ውሃና ሚኒሞ ምን አገናኛቸው? እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ከአየሩ በር ሥር ያለው፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተጨማሪ አየር የሚያስገባው የሚኒሞ ቫልቭ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የሞተሩ ሙቅ ውሃ ይዞርበታል። በአንዳንዶቹ ውስጡ ሰም አለ። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ውሃው ጎድሎ ቱቦው አየር ከያዘ ቫልቩ አይሞቅም። ሞተሩ ፈልቶ እሱ ገና ጠዋት ላይ ነው።

ጋሼ ሁለቱን ቱቦዎች በጣታቸው ያዝ አደረጉና «ነይ ንኪ» አሉኝ። ትልቁ የራዲያተር ቱቦ አያስነካም፤ እነዚህ ግን ለብ እንኳ አላሉም። መኪናዋን አጥፍተን ሻይ ጠጣን። ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፈትን። በትኩሱ እንዳትከፍቱት፣ ፊታችሁን ያቃጥለዋል። ከአንድ ሊትር በላይ ጎድሎ ነበር። ሞልተን፣ ክዳኑን ሳንገጥም አስነስተን፣ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን እስኪተው እየጨመርን ጠበቅን። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ሞቁ። ዙሩ 1,800 የነበረው 1,200 ገባ። ውሃው የሚሄድበት ደግሞ የላላች ፋሸታ (ቱቦ የምታጠብቅ ቀለበት) ሆና ተገኘች።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። እኛ ዘንድ ሞተር ትንሽ ከሞቀ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋና የሚከፍተውን ቫልቭ፣ አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። የኔ ዓይነት ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው 80 ዲግሪ አልፎ ነው፤ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ይጠብቀዋል። ከሌለ በአዲስ አበባ ብርድ ሞተሩ እንደ ነገሩ ለብ ብሎ ይውላል። ኮምፒውተሩም ገና ጠዋት መስሎት ዙሩን ከፍ ያደርጋል፣ ቤንዚን ይጨምራል። የሙቀት መርፌያችሁ መሃል የማይደርስ ከሆነ ሌላ ነገር ሳትነኩ እሱን አስከፍታችሁ አሳዩ።

1,200 ግን አሁንም ብዙ ነው። ቀጥሎ ያደረግነው የአውራ ጣት ፈተና ነው፤ እኔ ከሁሉም የወደድኩት። ከአየር ፊልትሮው የሚመጣውን ወፍራም ቱቦ ከአየሩ በር ላይ አወለቅን። እንደኔዋ አየሩን በግፊት የምትለካ መኪና ቱቦው ወልቆም ትሠራለች። በፊልትሮው በኩል የአየር መለኪያ ያላት ግን ትጠፋለች፤ እሷ ላይ አይሆንም። ሞተሩ እየሠራ ወደ ውስጥ ስታዩ የተዘጋው በር አጠገብ አየር የሚስቡ ቀዳዳዎች አሉ። በአውራ ጣታችሁ ድፍን አድርጓቸው። ጣታችሁን ሲስበው ይሰማችኋል። ዙሩ ቁልቁል ከወረደ ወይም ሞተሩ ከጠፋ ጥፋተኛው የሚኒሞ ቫልቩ ነው። አውልቁትና እጠቡት። ዙሩ ንቅንቅ ካላለ ግን አየሩ በዚያ አይደለም የሚገባው። የኔ ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ ወደ ቱቦዎቹ ሄድን። ከማኒፎልዱ የሚወጣ የጎማ ቱቦ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው፦ ፍሬኑን ወደሚያግዘው ሰርቮ የሚሄደው ወፍራሙ፣ ከቴስታታው ክዳን የሚመጣው፣ ወደ መሪው ፓምፕ የሚወርደው ቀጭኑ። አንድ በአንድ ጫፋቸውን በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆንጠጥ እያደረጋችሁ ዙሩን አድምጡ። የሰርቮው ሆኖ ከተገኘ ነገ አትበሉ። እዚያ ቱቦ ላይ የሚቀልድ በፍሬኑ ነው የሚቀልደው።

ሦስተኛዋን፣ የመሪ ፓምፗን ቱቦ ስቆነጥጥ ዙሩ ጭልጥ ብሎ ወረደና ሞተሩ ጠፋ። ጋሼ አጨበጨቡ። ቱቦዋ ከላይ ስታዩዋት አዲስ ትመስላለች። ገልብጠን ስናያት ግን ከጫፏ ሥር እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቃለች። መሪው ሲከብድ ሚኒሞውን ከፍ ለማድረግ የተሠራች መንገድ ናት፤ ስንጥቋ ግን ቀኑን ሙሉ አየር ሲያስገባ ይውላል። የተሰነጠቀውን ሁለት ሳንቲሜትር ቆርጠን መልሰን ሰካናት። ወጪ ዜሮ።

ዙሩ አንዴ 1,800 አንዴ 1,000 እያለ እንደ ዥዋዥዌ የሚሄድባችሁ ካላችሁም ችግሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ እግራችሁ እንደተነሳ ያውቃል። ዙሩ ግን ከፍተኛ ነው። «ቁልቁለት እየወረደች ነው» ብሎ ቤንዚን ይዘጋል፣ ሲወርድ ይከፍታል፣ ሲወጣ ይዘጋል።

የቫኪዩም ጌጅ (ማኒፎልዱ ምን ያህል እንደሚስብ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ካገኛችሁ አንድ ነገር ንገሩት። መጻሕፍቱ ጤነኛ ሞተር ከ18 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያነባል የሚሉት ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ 7 ኢንች ገደማ መቀነስ አለበት። አለዚያ ጤነኛ ሞተር በሽተኛ ነው ይላችኋል።

ቱቦዋን ሰክተን ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ተነስታ ወዲያው ጠፋች። ደገምኩ፣ ጠፋች። ደነገጥኩ። ጋሼ ግን ካቻቪቴያቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነበር። የጋራዡ ልጅ ብሎኗን ድርግም አድርጎ ዘግቷት የለ? ሌባው አየር ሲቆም የሚገባት አየር አጣች። ነዳጅ እየነካሁ ያዝኳት፤ እሳቸው ብሎኗን አንድ ዙር ተኩል ያህል ከፈቱ። መብራትና ቬንቲሌተር ጠፍቶ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ 750 ላይ ተቀመጠች።