ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ የቱን ልምረጥ?

አራት ኪሎና አምስት ኪሎ መሃል ግራ ከገባችሁ፣ ከግቢው በፊት የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የሚመራውን አማካሪ አጣሩ። ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ አራት ኪሎ የሳይንሱ፣ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂው ግቢ ነው። የመምህራኑን ስም ጉግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ) ላይ ፈልጉና በቅርቡ ምን እንዳሳተሙ እዩ፣ ከዚያ ያማከሯቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች ከዩኒቨርሲቲው የኦንላይን ማከማቻ አውርዳችሁ ሁለት ሦስቱን አንብቡ፤ አማርኛን በኮምፒውተር ማቀናበር የሚማርከው ሰው እዚያ ብዙ ያገኛል።

ከሁሉም የሚጠቅመው ግን አማካሪው የሚያማክራቸውን ተማሪዎች ማነጋገር ነው። ቡና ጋብዟቸው። አማካሪው ረቂቅ አንብቦ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ጂፒዩ (ከባድ ስሌት የሚያፋጥን ፕሮሰሰር) ያለው ሰርቨር አለ ወይስ ሁሉም በየላፕቶፑ ነው የሚታገለው?

ሠራተኛ ከሆናችሁ የማታ ፕሮግራም መኖሩን ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ወሬ አትመኑ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ለዚያው ለማስተርሱ ፕሮግራም ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳታረጋግጡ ብር እንዳትከፍሉ።