የ1960ውን የጎጃም ገበሬዎች አመጽ እንዴት አስተምራለሁ፦ ለታሪክ፣ ለአማርኛና ለኮሌጅ መምህራን

በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ አካባቢ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ታሪክ አስተምራለሁ። «ልጄ ማኅበራዊ ሳይንስ መረጠ» ብለው እያዘኑ የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ከተማሪዎቻቸው 70 በመቶውን በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ብቻ በማኅበራዊ ሳይንስና በሥነ ሰብእ እንዲቀበሉ ከተወሰነ ወዲህ፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የተረፈ ልጅ መግቢያ ተደርገው መታየታቸው ባሰ። እኔ የማምነው ሌላ ነው። የሰውን ቃል በትዕግሥት መስማት፣ መመዘን፣ ሳያዛቡ መልሶ መናገር ትምህርት ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚያስተምሩት እነዚህ የትምህርት ዓይነቶች ናቸው። ይሁንና መምህሩ ማስታወሻ እያስገለበጠ ከዋለ አያስተምሩትም። ከዚህ በታች የምጽፈው በክፍሌ የምሠራበትን መንገድ ነው፤ የሚፈልግ ይውሰደው።

መምህሩ አስቀድሞ የሚያውቀው

የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ የወጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ግብር የሚጣለው በምርቱ ላይ ነበር፤ ግምቱን የሚሠሩ ሰዎች ወደየማሳው መውጣታቸው ደግሞ አይቀርም። የጎጃም ገበሬ ይህን ሲሰማ መሬቱ በቀላድ (በመለኪያ ገመድ) ሊለካ፣ ርስቱም ከእጁ ሊወጣ እንደሆነ ተረዳ። ከነጻነት በኋላ በተደረጉት የግብር ለውጦችም ጎጃም ተቃውሞ አሰምቶ ያውቃል። በዚህ ጊዜ ግን በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ሕዝቡ መሣሪያ አንሥቶ ወጣ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላኖችም ተሰማሩ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ መንግሥትም ግብሩን መሰብሰቡን ተወ፤ የተጠራቀመውንም ውዝፍ ማረ። ይህን ለተማሪዎቻችሁ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ አትንገሯቸው። አዋጁንና ዓመቱን ስጧቸው፤ «መሬት መለካቱ ለምን አስፈራ?» የሚለውን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፋችሁ ተዉት።

ጊዜ የለንም፤ በ1960 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ነው።

ወደ ሽማግሌዎች መላክ

ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይጻፍ። ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን አትላኳቸው፤ ሽማግሌው አውድማ ላይ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በበዓል ቀን፣ ቡና ሲፈላ፣ ሰው ለመናገር ልቡ ክፍት ይሆናል። ልጆቹ ማን እንደላካቸውና ለምን እንደመጡ አስቀድመው ይናገሩ። በስልክ ድምፅ የሚቀዱት ከተፈቀደላቸው ብቻ ነው። «እምቢ» ከተባሉ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይግባ እንጂ ተደብቆ አይቅዳ፤ በዚህ ረገድ በእኔ ክፍል ይቅርታ የለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ «አመጹ ለምን ተነሣ?» መሆን የለበትም። ለዚህ ጥያቄ ሽማግሌው ከሬዲዮ የሰሙትን ነው የሚመልሱት። «አያ፣ በዚያ ዓመት የት ነበሩ? ያን ጊዜ የቤተሰብዎ መሬት ስንት ጥማድ ነበር? ከማን ጋር ይካፈሉት ነበር?» ተብሎ ይጀመር። ስለ መሬታቸው የተጠየቁ ሰው እያንዳንዱን ድንበር ከነዛፉ ያስታውሳሉ፤ ፍርሃቱም ከዚያ ውስጥ ተመዝዞ ይወጣል። ሴቶችን መጠየቅ ግዴታ ነው። ወንዶቹ ስለ ውጊያው ሲያወሩ፣ ሴቶቹ ልጆች የት እንደተሸሸጉ፣ ስንቁ ምን እንደነበረ፣ ከብቱን ማን እንደጠበቀ ይናገራሉ፤ ይህ በማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

የማይጠየቅም አለ። ማን ማንን እንደገደለ፣ ጠብመንጃው የት እንደገባ አይጠየቅም። በእኛ አገር ደም በአንድ ትውልድ አያረጅም። በተለይ አሁን ባለንበት ጊዜ፣ ወሬው ከ1960 ወደ ዛሬ ከተሻገረ ተማሪው ደብተሩን ይጠፍ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይውጣ። ከተገኘው መረጃ ሁሉ የልጁና የሽማግሌው ደኅንነት ይበልጣል።

ዘመንን መለየት

ሥራው እውነተኛ የታሪክ ትምህርት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የጎጃም መሬት ብዙ ጊዜ ተነክቷል። በ1960 ይለካል ተብሎ ተፈራ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. ሽግሽግ ተደርጎ «ቢሮክራሲ» (የደርግ ዘመን ሹማምንት) እና «ፊውዳል» (የንጉሡ ዘመን ሹማምንት) የተባሉ ሰዎች መሬት ተቀነሰባቸው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የይዞታ ደብተር መጣ። ሽማግሌው ሲናገሩ እነዚህ ሁሉ ይደባለቃሉ። አንዲት ተማሪዬ «ለኪዎቹ መጥተው ገመድ ጣሉ» የሚል ቃል ይዛ መጣች። ስለ የትኛው ጊዜ እንደሆነ ስንጠይቅ ክፍሉ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ተመልሳ ሄዳ «ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ልጁ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበር አሏት። የተነገራት ስለ 1989 መሆኑ በዚህ ታወቀ።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ተማሪዎቻችሁን አለማምዷቸው። የጎጃም ሽማግሌ ቀን በቁጥር አይነግርም፤ «ከሰኔ ሚካኤል በኋላ»፣ «ዓባይ ሞልቶ ሳለ»፣ «እኔ ሳልዳር» ይላል። እያንዳንዱን ወደ ዓመትና ወር መመለስ የተማሪው ሥራ ነው። ያልተመለሰ ከቀረ «ዓመቱ አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ፤ ለዚህ ሐቀኛ መስመር ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ።

ደብተሩ ከመነሻው ለሁለት ይከፈል፦ በአንድ በኩል ተናጋሪው በዓይናቸው ያዩት፣ በሌላው ከሌላ የሰሙት። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ተማሪዎች «ሲባል ሰማሁ» የሚለውን ቃል ሳያስተውሉ ያልፉታል።

ክፍል ውስጥ

በክፍላችን የአማጺ የልጅ ልጅም፣ በነጭ ለባሽነት (ከመንግሥት ጋር በተሰለፈ የአገር ታጣቂነት) የዘመተ ሰው የልጅ ልጅም፣ የምስለኔ (የመንግሥት የወረዳ ሹም) የልጅ ልጅም ጎን ለጎን ይቀመጣል። ስለዚህ ማንም ተማሪ የራሱን አያት ቃል አያቀርብም። ደብተር ይለዋወጣሉ፤ የአማጺው የልጅ ልጅ ተነሥቶ የምስለኔውን ቤተሰብ ቃል ያቀርባል፣ የዚያኛው ደግሞ የዚህን። አቅራቢው ሲጨርስ ባለቤቱ ይጠየቃል፦ «አያትህ ያሉት ይህን ነው?» «አዎ፣ በትክክል» እስኪል ድረስ ይታረማል። ከዚያ በፊት ማንም አስተያየት አይሰጥም። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ይጨነቃሉ፣ አንዳንዱም ያፍራል። ቢሆንም ከዚህ የበለጠ ለአገሬ የሚጠቅም ትምህርት አላውቅም፤ የማይስማሙበትን ሰው ቃል ሳያጎድሉ መናገር የቻሉ ልጆች ነገ ዳኛም፣ ጋዜጠኛም፣ የቀበሌ ሽማግሌም ቢሆኑ የሚታመኑ ናቸው።

የአማርኛ መምህሩን ጥሩ። ሽማግሌዎች ብዙውን ነገር በግጥም፣ በፉከራና በሙሾ ነው የያዙት። ግጥሙ ቃል በቃል ይጻፍ፤ ሰሙ ምንድን ነው፣ ወርቁስ የት ላይ ነው የሚለው ክርክር ከዚያ ይቀጥላል። ጎጃም የዲማ፣ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እየሰማ ያቃናለታል። ከቅርብ ጉባኤ ቤት አንድ ተማሪ ጋብዛችሁ አንዲት ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ስንኝ አጭር ቅኔ) በሁለት ቤቷ እንዲፈታላችሁ አድርጉ። የፈታበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ጠይቁት፤ ተማሪዎቻችሁ ለግምታቸው ማስረጃ ማቅረብን ከእርሱ ያያሉ።

በኮሌጅ

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ውስጥ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ይገኛሉ። የወደፊት መሐንዲሶችና የጤና ባለሙያዎችም በእነዚህ ክፍሎች ይቀመጣሉና ዕድሉን በስላይድ አታባክኑት። የሎጂክ መምህሩ ከተማሪ ደብተር አንድ ዓረፍተ ነገር ይውሰድ፦ «አያቴ አውሮፕላን ሲያልፍ አይተዋል፤ ስለዚህ መንደራቸው ተደብድቧል።» መነሻው እውነት ሊሆን ይችላል፤ መደምደሚያው ግን በምን ይደገፋል? ፍርስራሽ፣ የሌላ ምስክር፣ የሞተ ከብት? አንድ ሰዓት ሙሉ ያከራክራል።

ለግብርና ተማሪዎች ደግሞ ይህ ታሪክ የሙያቸው አካል ነው። መሣሪያ ይዞ ማሳ ሊለካ የሚሄድ ባለሙያ 1960ንና 1989ን ካላወቀ፣ ገበሬው ለምን ዝም እንዳለው አይገባውም፤ ዝምታውንም ኋላ ቀርነት ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

ስለ ፈተናው

መምህራን «የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ይህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣል?» ይሉኛል። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሥራውን በሁለት ሳምንት ገድቡት፤ ከምዕራፉ ጋር አያይዙት፤ የቃለ መጠይቁን ጊዜ ከክፍል ሰዓት አትውሰዱ። ለ11ኛ ክፍል ይሻላል፤ ለ12ኛ አልመክርም።

በመጨረሻ ደብተሮቹ ወደ ተናጋሪዎቹ ይመለሱ። ተማሪው የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው፤ የሚያርሙት ካለ ያርም፤ ይጥፋ ያሉት ይጥፋ። ስማቸው እንዳይጻፍ ከፈለጉ የቀበሌው ስምና ዕድሜያቸው ይበቃል። ከዚያ አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው በሽማግሌው ቤት ይቀመጥ፤ የቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት እነዚህን አንብበው፣ ያልተጠየቀውን ለይተው ይሆናል።