አንድ አንቀጽ ለሁለት መምህር፦ ታሪክን በእንግሊዝኛ ማስተማር

ማክሰኚት፣ ቆላ ድባ ወይም እንፍራንዝ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ አፄ ፋሲለደስ በአማርኛ ቢጠየቅ ከአያቱ የሰማውን ሁሉ ጨምሮ ይናገራል። ያው ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ግን ዝም ይላል። ታሪክም ጂኦግራፊም የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንዲሁ። ስለዚህ በታሪክ ከሚጠፋው ማርክ ብዙው የሚጠፋው በቋንቋ ነው። ይህን ለማቃናት የእንግሊዝኛውና የታሪክ መምህራን በሳምንት አንድ የታሪክ አንቀጽ ይካፈሉ፦ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ይነበባል፣ በማግስቱ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ይሠራበታል።

በሴሚስተሩ መግቢያ ሁለቱ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች መስማማት አለባቸው። አለዚያ አንዱ ምዕራፍ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሌላው ወደኋላ ይቀራል፣ ሥራውም በወሩ ይቆማል። ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አያስፈልግም፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ በሳምንቱ ካሉት የንባብ ትምህርቶች አንዱን በዚህ ይተካል። አንቀጹን ዓርብ፣ ሳምንታዊ እቅድ ሲወጣ ምረጡ። ከ120 እስከ 150 ቃል ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ በ40 ደቂቃ አያልቅም። የነገሥታት ስም የተደረደረበትን ተዉትና ምክንያትና ውጤት የሚታይበትን ውሰዱ። ለምሳሌ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡ አመፀ፤ በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን) አስወጥተው ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ። ይህ አንቀጽ ተማሪውን «ለምን?» እያለ እንዲያነብ ያደርገዋል። ሃይማኖት የሚነካ ርዕስ ስለሆነ ግን ውይይቱ ከምክንያትና ከውጤት እንዳይወጣ ቀድማችሁ ተናገሩ።

በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የቃላት ናቸው። ከስምንት ቃል አትለፉ። ቃሉንና የአማርኛ ፍቺውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ብቻውን አይረዳም፤ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉት። «ሰክሲድ» የሚለውን ቃል ተማሪዎች «ተሳካለት» ብለው ነው የሚያውቁት፤ የታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ «በዙፋኑ ተተካ» ማለት ነው። ቃሉ ብቻውን ከተጻፈ ይህ ልዩነት ተሰውሮ ይቀራል።

ቀጣዮቹ 15 ደቂቃዎች የግሡ ናቸው፤ ዋናው ሥራ ያለውም እዚህ ነው። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ብዙ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እስከ ነጥቡ ድረስ ይነዳዋል፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ማን ምን እንዳደረገ ጠፍቶታል። ስለዚህ ከማንበባቸው በፊት በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግሡን በእርሳስ ያስምሩ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ማን? ምን? መልሱ ከግሡ በግራና በቀኝ ነው። «ዋዝ ሰክሲድድ ባይ» (በሌላ ተተካ) ዓይነት አገላለጽ ሲመጣ ግን ቆም በሉ። ፋሲለደስ «ዋዝ ሰክሲድድ ባይ» ቀዳማዊ ዮሐንስ የሚለውን ብዙዎች ገልብጠው ፋሲለደስ ከዮሐንስ በኋላ የነገሡ ይመስላቸዋል። ሁለት ተማሪ ፊት አስወጡና አንዱ ወንበሩን ለሌላው ይልቀቅ፤ ክፍሉ በሁለቱም አገላለጽ ይናገረው። በቀረው ጊዜ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት አንቀጹን ዘግተው በተራ ለጓደኛቸው ይተርኩ። በአማርኛ ቢጀምሩ አትቆጡ፤ ሁለተኛው ዙር በእንግሊዝኛ ይሁን።

በማግስቱ የታሪክ መምህሩ ትርጉም ላይ ጊዜ ስለማያባክን በቀጥታ ወደ ጊዜ መስመሩ ይገባል። የሲሚንቶ ወረቀት ቀዳችሁና አያይዛችሁ 3 ሜትር አድርጉ፤ 1 ሴንቲ ሜትር ለ1 ዓመት ሰጥታችሁ ከ1600 እስከ 1900 ያለውን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የፋሲለደስ ዘመን፣ ከ1632 እስከ 1667፣ 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዘመነ መሳፍንት፣ ከ1769 እስከ 1855፣ 86 ሴንቲ ሜትር። የአፄ ቴዎድሮስ ንግሥና 13 ብቻ። ተማሪው በማስመሪያ ራሱ የለካውን አይረሳም። ክስተቶቹን በእኩል ርቀት መደርደር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያኔ 86 ዓመትና 13 ዓመት አንድ ይመስላሉ።

ከመስመሩ በላይ የአውሮፓን ዓመት በጥቁር፣ ከታች የኛን በቀይ ጻፉ። ተማሪው ከቤቱ የሚሰማው በኛ አቆጣጠር፣ መጽሐፉ በነርሱ ስለሆነ ያለዚህ መደናገር አይቀርም። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀነሳል። ጎንደር ላይ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በኖቬምበር 1941 ነው፤ ሰባት ሲቀነስ ኅዳር 1934። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት በኤፕሪል 1868 ነው፤ ስምንት ሲቀነስ ሚያዝያ 1860። ሁልጊዜ 8 መቀነስ ያስለመደ መምህር የመጀመሪያውን ወደ 1933 ይወስደዋል። 1632 የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንጂ የ16ኛው አለመሆኑንም እዚሁ መስመር ላይ አሳዩ።

ሳምንቱን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጽሑፍ ዝጉ፦ አንድ ዋና ሐሳብ፣ ሁለት ማስረጃ ከነዓመታቸው፣ አንድ ምክንያት፣ አንድ ውጤት። ከ10 ይታረም፤ 6ቱን የታሪክ መምህሩ ለይዘቱ፣ 4ቱን የእንግሊዝኛ መምህሩ ለቋንቋው ይስጥ፤ ማርኩ በሁለቱም ተከታታይ ምዘና ይያዝ። 60 ደብተር በአንድ ሌሊት ማረም አይቻልም፤ በቀን 15 ብትሰበስቡ በአራት ቀን ያልቃል። የእንግሊዝኛው እርማት በሳምንት አንድ ስሕተት ላይ ብቻ ያተኩር፤ የዚህ ሳምንቱ የኃላፊ ጊዜ ግሥ ከሆነ አርቲክሉን («ኤ»፣ «ዘ» የሚሉትን) ለቀጣዩ ተዉት። ደብተሩ በቀይ ከሞላ ተማሪው በራሱ መጻፍ ትቶ ከመጽሐፉ መገልበጥ ይጀምራል፤ ያኔ ምን እንደማያውቅ እንኳ አታውቁም።

ጉብኝት በሴሚስተር አንድ ጊዜ ይበቃል። ለመጓጓዣ በጀት ከሌለ የቅርቡን ተጠቀሙ፦ ለእንፍራንዝ ተማሪ የጉዛራ ግንብ፣ ለጎርጎራ ተማሪ የኢየሱሳውያኑ ፍርስራሽ ደጁ ላይ ነው። ጎንደር ከተማ መድረስ ከቻላችሁ የፋሲል ግቢ በ900 ሜትር አጥር ውስጥ የበርካታ ነገሥታትን ግንቦች ስለያዘ ሁሉን ለማየት አትሩጡ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ቀድማችሁ አስገቡ፤ ተማሪዎቹን በአምስት በአምስት ክፈሉና ለየቡድኑ አንድ ሕንፃ ስጡ። አንዱ በፋሲለደስ ግንብ ማዕዘኖች ያሉትን አራት ክብ ማማዎች ይሳል፤ ሌላው የአስጎብኚውን ገለጻ በአማርኛ ይያዝ። አስጎብኚው እየተናገረ በእንግሊዝኛ ጻፉ ማለት ሁለቱንም ማሳጣት ነው። ወረቀቱ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ በአንዱ አስጎብኚው ያለው፣ በሌላው መጽሐፉ የሚለው። ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ተማሪው ይህን ማን አለው፣ ከምን ተነሥቶ የሚል ጥያቄ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ሳምንት አንቀጽ ከዚያው ጥያቄ ይመረጣል።