ህንዳዊ ጓደኛ ለሰርግ ሲጠራን፦ በአለባበስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ህንድ ውስጥ ፑኔ በምትባል ከተማ ተማሪ ሳለሁ የክፍል ጓደኛዬ ለእህቷ ሰርግ ጠራችኝ። ከሻንጣዬ ያወጣሁት ነጩን የሐበሻ ቀሚሴን ነበር። እናቴ ለክብር ቀን ብላ ያስያዘችኝ ነው። ጓደኛዬ አየችውና ዝም አለች። ቆይታ፣ «በጣም ያምራል። ግን አያቴ ስታይሽ ትደነግጣለች» አለችኝ። ህንድ ለምትማሩ፣ ዱባይ ወይም ለንደን ከህንዶች ጋር ለምትሠሩ ሁሉ ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ።

ነጭ መልበስ

እኛ ሐበሾች በቀላሉ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለእኛ ነጭ የደስታ፣ ጥቁር የልቅሶ ነው። በብዙ የሂንዱ ቤተሰቦች ግን ለቅሶ ቤት የሚኬደው በነጭ ነው። በድሮው ወግ ባሏ የሞተባት ሴት የምትለብሰውም ነጭ ነበር። ጥለቱ የቱንም ያህል ቢያምር ከሩቅ የሚታየው ነጩ ነው። ጥቁርንም ገደ ቢስ ነው የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ወጣቶቹ ለምሽት ግብዣ ይለብሱታል፤ ለዋናው ሥነ ሥርዓት ግን ተዉት።

የሐበሻ ልብስ አይለበስም ማለቴ አይደለም። ጨርቁ ራሱ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሆነ ቀሚስ ካላችሁ ያለ ሐሳብ ልበሱት። የአገሩን ልብስ ለብሶ የመጣ እንግዳ ደስ ይላቸዋል።

ደቡብ ህንድ ያለችው ኬረላ ስትሄዱ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የሂንዱ ሙሽራ ራሷ ብዙ ጊዜ ክሬም መልክ ያለው፣ ወርቃማ ጥለት የተሠራለት ሳሪ ትለብሳለች። እኔን የእናቴን ነጠላ ነው ያስታወሰኝ። ክርስቲያን ሙሽሮችም ነጭ ይለብሳሉ። ስለዚህ ልብስ ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ፦ ቤተሰቡ ከየት ነው? ሃይማኖቱስ?

የሙሽራዋን ቀለም መውሰድ

በሰሜን ህንድ ቀይ የሙሽራ ነው። ወርቅ ጥልፍ የበዛበት ደማቅ ቀይ ተዉላት። ፑኔ ባለችበት በማሃራሽትራ ግን ቢጫና አረንጓዴ የለበሱ ሙሽሮች ብዙ ናቸው። «ምን ትለብሳለች?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ ልብስ ለሁሉም ቀን

እኛ ጥሎሽ፣ ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል እንደምንለው እነሱም ብዙ ዝግጅት አላቸው። ሃልዲ ሙሽሮቹን እርድ የሚቀቡበት ነው። እንግዳውም አያመልጥም፤ የእርድ ቀለም ደግሞ በዋዛ አይለቅም። ለዚያ ቀን ርካሽ ቢጫ የጥጥ ልብስ ይበቃል። ሜህንዲ የሂና ቀን ነው፤ የእኛን እንሶስላ አስቡ። እጃችሁን ስለሚቀቧችሁ አጭር እጅጌ ልበሱ። ሳንጊት ዘፈንና ጭፈራ ነው፤ የሚያስጨፍር ልብስ ይሁን።

ሳሪን በዋዜማው መግዛት

ሳሪ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ያልተሰፋ ጨርቅ ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ከሥሩ የሚለበሰውን ነው። ብላውዙ በልክ መሰፋት አለበት፤ ጨርቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሳሪው ጫፍ ይቆረጣል። በሰርግ ወራት ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ወረፋ አለ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጡት። የውስጥ ጉርዱም በወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሳሪውን የሚሸከመው እሱ ነው። ሳሪውን ከመጠምጠማችሁ በፊት ታኮ ጫማችሁን አድርጉ። ቁመቱ የሚለካው በጫማው ነውና፣ በኋላ ብታደርጉት ሳሪው ያጥራል። መርፌ ቁልፍ አትቆጥቡ።

ጫፉ በተለመደው አለባበስ በግራ ትከሻ ወደ ኋላ ይወርዳል። የምዕራብ ህንዶቹ ጉጃራቶች በቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ያመጡታል። እኛ የነጠላን ጥለት ወደ ላይ አዙረን ስንለብስ ሐዘን ላይ መሆናችን ይታወቅ የለ? እነሱም አለባበሱን ያነባሉ። ስለዚህ ለብቻችሁ ከመታገል የቤቱ ሴቶች ያልብሷችሁ። ሳሪ ካስፈራችሁ ሌሄንጋ (ሰፊ ረጅም ጉርድ ከነብላውዙ) ወይም ሳልዋር ካሚዝ (ረጅም ሸሚዝ ከነሱሪው) ልበሱ፤ ማንም አይታዘባችሁም።

ያገባች ሴት ምልክት ማድረግ

ቢንዲ የምትባለዋን ነጥብ ግንባር ላይ መለጠፍ ችግር የለውም። ማንጋልሱትራ የሚባለው ጥቁር ጨሌና ወርቅ ያለበት ሐብል ግን የጋብቻ ምልክት ነው። በፀጉር መሐል የሚቀባው ቀይ ሲንዱርም እንደዚያው። ለጌጥ ብላችሁ አታድርጓቸው።

የእምነቱን ሥርዓት መርሳት

ሲኮች ጋ ወንዱም ሴቱም ራሱን ይሸፍናል፣ ጫማም ይወልቃል። ሙስሊሞች ጋ ክንድና እግር የሚሸፍን ልብስ ይሁን። ሂንዱዎችም ጋብቻው የሚፈጸምበት ቅዱሱ እሳት ጋ ጫማ ያወልቃሉ፤ የሚወልቅ ጫማ ምረጡ።

ወንዶች

ኩርታ የሚባለው ረጅም ሸሚዝና ሱሪ ይበቃችኋል፤ ያሸበረቀውን ሼርዋኒ፣ ረጅሙን ኮት፣ ለሙሽራው ተዉለት። ጥምጥም ራሳችሁ ገዝታችሁ አትምጡ። ለአጃቢዎች ሁሉ እያሰሩ ከሆነ ግን ለእናንተም ሲያስሩላችሁ እሺ በሉ። ታሚል ናዱና ኬረላ ላይ ደግሞ ወንዶቹ ነጭ ሽርጥ ያገለድማሉ፤ እዚያ ነጩ ያስከብራል።

እኔ በዚያ ቀን የጓደኛዬ እናት፣ አንቲ የምላቸው፣ መርፌ ቁልፋቸውን በከንፈራቸው ይዘው የራሳቸውን ሰማያዊ ሳሪ አለበሱኝ። ከሰርጉ በኋላ ቀሚሴን ላሳይ ብዬ ቤታቸው ይዤው ሄድኩ። አያትየው ጥለቱን በጣታቸው እየዳበሱ ማን እንደሸመነው ጠየቁኝ።