ኢንሱሊን ለታዘዘላችሁ፦ ከመርፌው ይልቅ ለቁጥሩ ተጠንቀቁ

ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መርፌው ነው። ያማል ወይ? ይደማል ወይ? ደም ሥር ብወጋስ? እኔ የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ሐኪሙ ካዘዘ በኋላ አወሳሰዱን የማሳየው እኔ ነኝ። ስለዚህ መልሱን ከወዲሁ ልስጣችሁ፤ መርፌው ቀላል ነው። ደም ሥር መፈለግ የለም፤ መድኃኒቱ የሚገባው ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ነው። የፔን (እስክሪብቶ የሚመስለው የኢንሱሊን መውጊያ) መርፌ ርዝመቱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነም አለ። አብዛኛው ሰው ቶሎ ይለምደዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የትኛው ኢንሱሊን? ስንት ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያ)? መቼ? ሰው ሲጎዳ የማየው በአብዛኛው እነዚህ ሲምታቱ ነው።

ኢንሱሊን ሲታዘዝ "በቃ፣ አበቃልኝ" የሚል ሰው አለ። "ከጀመርከው አይለቅህም፣ ሱስ ነው" የሚል ጎረቤትም አይጠፋም። ሱስ አይደለም። የገዛ ቆሽታችን ቀን ከሌት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሴሎቻችን እንዲገባ በሩን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋ። ከዚያ በፊት ዓይነት 1 ስኳር (ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት) የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንዳታፍሩበት ነው። የሚያፍር ሰው ተደብቆ ይወጋል፤ ተደብቆና ተቻኩሎ የሚወጋ ደግሞ ቁጥር ይስታል።

ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ

የኢንሱሊኑን ስም፣ የዩኒቱን ብዛት፣ ሰዓቱንና ከምግብ ጋር ያለውን ርቀት አስጽፉ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ መልሳችሁ አንብቡለት። "ዩኒት" የሚለው ቃል በሙሉ ይጻፍ። በእንግሊዝኛው ፊደል U ብቻ ሲጻፍ ከቁጥሩ ጎን እንደ ዜሮ ይነበብና 10 የነበረው 100 ይሆናል። በተለያዩ አገሮች ሰው የተጎዳበት ስሕተት ስለሆነ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ ገደማ በፊት ይወጋል። ሊስፕሮና አስፓርት የሚባሉት ፈጣኖቹ ግን ምግብ ከቀረበ በኋላ ነው የሚወጉት፤ ተወግታችሁ ምግቡ ቢዘገይ ስኳራችሁ ይወርዳል። ኤንፒኤች ዝግ ብሎ ይጀምርና ከተወጋችሁ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉ ይበረታል። ማታ የተወጋችሁት እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ይሠራል ማለት ነው። ግላርጂን ደግሞ ቀን ከሌት እኩል ይሠራል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትውጡ።

ብልቃጡና ስሪንጁ

በብዛት የሚገኘው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት ይይዛል። ብልቃጡ ላይ "100" ተብሎ ተጽፏል። ስሪንጁም ለ100 የተሠራ መሆን አለበት። ለ40 የተሠራ ስሪንጅ አሁንም በአንዳንድ ቦታ አለ። በዚያ ስሪንጅ ባለ 100 ኢንሱሊን እስከ 20 መስመር ብትቀዱ፣ የምትወስዱት 50 ዩኒት ነው። ሁለት እጥፍ ተኩል! ተራውን የመርፌ ስሪንጅማ ጨርሶ አትንኩት።

መስመሮቹም ያታልላሉ። አንድ ሚሊ ሊትር የሚይዘው የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ እያንዳንዱ መስመር ብዙውን ጊዜ 2 ዩኒት ነው። ግማሽ ሚሊ ሊትር የሚይዘው ላይ ደግሞ 1 ዩኒት ነው። ትናንት በትንሹ የለመደ ሰው ዛሬ ትልቁን ቢያገኝ፣ ከ10 በኋላ አራት መስመር ቆጥሮ "14 ሞላሁ" ይላል። የሞላው ግን 18 ነው። አዲስ ፓኬት በከፈታችሁ ቁጥር መስመሩን እንደገና አንብቡ። ዓይናችሁ ከደከመ በመብራት ሥር ቅዱ፤ ወይም የቤት ሰው አብሯችሁ ያንብብ።

ሁለት ዓይነት የምትወስዱ ሰዎች አንዱን በሌላው እንዳትተኩ። ለሊቱን እንዲያቆይ የታዘዘውን ረዥም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን ልወጋ ብሎ በዚያው መጠን ፈጣኑን የተወጋ ሰው ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። አንዱ ብልቃጥ ወይም ፔን ላይ ላስቲክ እሰሩበት። በጨለማም በእጅ ይታወቃል።

ማስቀመጫው

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ፣ ፍሪጅ መሐል ላይ ይቀመጥ። በረዶ ቤቱ አጠገብ አይሁን። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተበላሽቷል፤ መልኩ ደህና ቢመስልም ይጣል። በአገልግሎት ላይ ያለውን ከፀሐይና ከሙቀት ራቅ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። አብዛኛው ከተከፈተ በኋላ 28 ቀን ያህል ያገለግላል፤ የእናንተውን ግን ከማሸጊያው ወረቀት አረጋግጡ። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ። ፍሪጅ ከሌለ፣ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ውጪው በረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ቦታ ላይ አስቀምጡ። በአውሮፕላን ስትሄዱ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ የጭነቱ ክፍል ሊያቀዘቅዘው ይችላል።

አቀዳዱ

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት። ሬጉላር፣ ፈጣኖቹና ግላርጂን እንደ ውሃ ጥርት ያሉ ናቸው። ከደፈረሱ አትወጉ። ኤንፒኤችና 70/30 (ኤንፒኤችና ሬጉላር ተቀላቅለው የሚመጡበት) ድብልቁ ግን ነጭና ደፍራሳ ናቸው።

ደፍራሳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚቸኩልበት ስለሆነ። ብልቃጡ ቆሞ ሲያድር ነጩ ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይቀራል። እንዲሁ ብትቀዱ አንድ ቀን ቀጭኑን፣ ሌላ ቀን ወፍራሙን ትወጋላችሁ። ቁጥሩ አንድ፣ መድኃኒቱ ግን ሁለት ዓይነት። ስለዚህ በሁለት መዳፎቻችሁ መሐል አሥር ጊዜ ያህል አንከባልሉት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አሥር ጊዜ ገልብጡት። አትናጡት፤ አረፋ ይሠራል። ሲጨርስ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነጭ መሆን አለበት። ጓል ከታየበት ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ከያዘ ጣሉት።

የጎማውን ክዳን በአልኮል ጥረጉ። የምትቀዱትን ያህል አየር ስሪንጁ ውስጥ ሳቡና ወደ ብልቃጡ ግፉት። ገልብጣችሁ ቅዱ። የአየር አረፋ ካለ ስሪንጁን ጠንቆል ጠንቆል አድርጉና መልሳችሁ ግፉት። አረፋው ከቆዳ ሥር ቢገባ አይገድልም፤ ግን የመድኃኒቱን ቦታ ይይዛል።

ሁለቱን በአንድ ስሪንጅ እንድትቀላቅሉ ከታዘዘ፣ ጥርት ያለው ይቀድማል። ለምሳሌ 6 ሬጉላርና 14 ኤንፒኤች ቢሆን፦ 14 አየር ወደ ደፍራሳው፣ 6 አየር ወደ ጥርቱ፣ ከዚያ 6 ጥርቱን ቅዱ፣ በመጨረሻ ከደፍራሳው እስከ 20 መስመር ሙሉ። 20ን ካለፈ ትርፉን ወደ ብልቃጡ አትመልሱ። ሁሉንም ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። ግላርጂን ከምንም ጋር አይቀላቀልም።

በፔን የምትጠቀሙ ከሆነ ሁልጊዜ አዲስ መርፌ ግጠሙ። መጀመሪያ 2 ዩኒት ወደ አየር ግፉና ጠብታ ሲወጣ እዩ። ከዚያ መጠናችሁን ሙሉ። ከወጋችሁ በኋላ ቁልፉን ተጭናችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፤ ወዲያው ከነቀላችሁት ይንጠባጠባል። ከፔን ውስጥ በስሪንጅ አትቅዱ። ፔን ደግሞ ከማንም ጋር፣ ከባልም ከልጅም ጋር፣ መርፌው ቢቀየርም አይጋሩትም፤ ደም ወደ ውስጥ ይመለሳል።

የት ነው የምወጋው?

ሆድ፣ ከእምብርት ሁለት ሦስት ጣት ራቅ ብሎ። የጭን ውጫዊ ጎን። የመቀመጫ የላይኛው ክፍል። የክንድ ጀርባ። ሆድ ላይ ቶሎ ይሠራል፤ ጭንና መቀመጫ ላይ ይዘገያል። ስለዚህ የጧቱን ሆድ ላይ ካደረጋችሁ ሁልጊዜ ጧት ሆድ ላይ አድርጉት፤ ግን በየቀኑ ቢያንስ አንድ ጣት ፈቀቅ እያላችሁ። ቀጭን ከሆናችሁ ወይም መርፌው ረዘም ካለ ቆዳውን ቆንጥጣችሁ አንሡ። ስትጨርሱ ደም ብቅ ካለ ተጫኑት፤ አትሹት።

አንዲት እናት ስኳራቸው አንድ ቀን 300፣ በማግስቱ 60 ይሆን ነበር። መዝገባቸው የተስተካከለ፣ አመጋገባቸው የታወቀ፣ ብልቃጣቸውም ደህና። "እስቲ ሆድዎን ልይ" አልኳቸው። ከእምብርታቸው ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ቆዳው ወፍሮ አብጧል። በዓይን ብዙም አያስታውቅም፤ በጣት ስዳብሰው ግን ጠጠር ይላል። "ለምን እዚህ ብቻ?" ብላቸው "ሲስተር፣ እዚያ አያመኝማ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያበጠ ቦታ ስሜቱ ይደነዝዛል። ችግሩ ኢንሱሊኑ እዚያ ውስጥ ታግቶ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ባልታሰበ ሰዓት ይለቀቃል። ወደ ጤነኛ ቆዳ ከመዛወራቸው በፊት ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰላቸው። ይህን ልብ በሉ፤ ካበጠ ቦታ ወደ ጤነኛ ቦታ በአንዴ ብትዛወሩ ያው ቁጥር ሊበዛባችሁ ይችላል። በየሳምንቱ የምትወጉበትን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱ።

ስኳር ሲወርድ

ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ ወርዷል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ይርባል፣ ዓይን ብዥ ይላል፣ ሰው ያለ ምክንያት ይነጫነጫል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የምትወስዱ ሰዎች መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ላይታያችሁ ይችላል። ላቡን አትናቁት። ሌሊት ሲወርድ ደግሞ ቅዠት፣ የረጠበ አንሶላና የጧት ራስ ምታት ይተዋል።

15 ግራም ስኳር ቶሎ ውሰዱ። ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ወይም ለስላሳ። "ስኳር የሌለው" የሚለው ለስላሳ አይሠራም። ቸኮሌትም ስቡ ስለሚያዘገየው አይሆንም። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ። ሲስተካከል ምግብ ብሉ። መለኪያ ከሌለና ከተጠራጠራችሁ እንደወረደ ቁጠሩት።

ለቤተሰብ፦ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም። ይታነቃል። በጎኑ አስተኙት፣ ግሉካጎን (የወረደ ስኳርን የሚያወጣ መድኃኒት) የታዘዘለት ከሆነ ስጡት፣ አምቡላንስ ጥሩ። ኢንሱሊንማ በፍጹም አትስጡት።

ተወግታችሁ እንደሆነ ትዝ ካላላችሁ አትድገሙ። ስኳራችሁን ለኩና ደውላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ነው በወጋችሁ ቁጥር ወዲያው ጻፉ የምለው፤ ስኳሩንም ዩኒቱንም ሰዓቱንም።

ስትታመሙ

"ምንም አልበላሁም፣ ስለዚህ ኢንሱሊኑን ተውኩት" ማለት በተለይ ዓይነት 1 ላለው ሰው አደገኛ ነው። ትኩሳትና ኢንፌክሽን ስኳርን ያወጣሉ። መጠኑ ይቀየር ይሆናል፤ ጨርሶ ማቆም ግን የለም። በየአራት ሰዓቱ ለኩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሐኪማችሁን አማክሩ። ትውከት ካላቆመ፣ ሆድ ከቆረጠ፣ ትንፋሽ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ፣ አፍ የፍራፍሬ ሽታ ካመጣ፣ ለነገ አታሳድሩ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ያገለገለውን መርፌ ወዲያው ጠንካራ ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ጣሉ። ሌላ ሰው የተወጋበትን መርፌ አትክደኑ፤ ብዙ አስታማሚ የሚወጋው ሲከድን ነው። ዕቃው ሦስት አራተኛ ሲሞላ አሽጋችሁ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡና ለቀጠሮ ስትመጡ ይዛችሁልን ኑ። መዝገባችሁን፣ ስሪንጃችሁንና ብልቃጣችሁንም አብራችሁ አምጡ። ፊቴ ቅዱና ልይ፤ አቀዳዳችሁን ማየት የምፈልገው ጀማሪዎቹን ብቻ አይደለም።