ኮሪያውያን ሕፃናት እንግሊዝኛ ማንበብ ሲጀምሩ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ከእንግሊዝኛው ቃል ሥር አነባበቡን በሃንጉል፣ ማለትም በኮሪያ ፊደል፣ መጻፍ ነው። በሴኡል ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህ ያልተጻፈበት የልጅ ደብተር ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ እናቶች ልጃቸውን ለመርዳት፣ መምህራንም ጊዜ ለመቆጠብ ይጽፉታል። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እ.ኤ.አ. ያወጁት ሃንጉል ለኮሪያኛ እጅግ የተዋጣለት ፊደል ቢሆንም፣ ኮሪያኛ እንደ እንግሊዝኛ በአንድ ቀለም (በአንድ ትንፋሽ በሚጠራ የቃል ክፍል) መነሻ ላይ ሁለትና ሦስት ተነባቢ ስለማይደራርብ፣ በየመካከሉ ከእኛ ሳድስ ጋር የሚቀራረብ አናባቢ ይገባበታል። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ «ስትራይክ» የሚለውን ቃል በጭብጨባ እንድትከፋፍል ስጠይቃት «ስ-ት-ራ-ኢ-ክ» እያለች አምስት ጊዜ አጨበጨበች። በእንግሊዝኛ ቃሉ አንድ ቀለም ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ከቃሉ ሥር የተጻፈላትን በትክክል ቆጥራለች፤ ጥፋቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው። እባካችሁ ሃንጉሉን አንሱላቸውና መጀመሪያ በጆሯቸው ይስሙ።

ሁለተኛውን ስህተት እኔም ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ለእንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ልጆች የተዘጋጁ መጻሕፍት ድመት ማለት የሆነውን «ካት» በ«ክ» እና በ«አት» ይከፍሉታል፤ እኔም ቤት የሚመቱ ቃላትን ይዤ ልጆቹን ስጎትት ከረምኩ። የኮሪያ ልጅ ግን «ጋ፣ ና፣ ዳ» እያለ የተማረና ሲጽፍም የመጨረሻውን ተነባቢ ከሥር የሚያስቀምጥ በመሆኑ የሚቀናው «ካ» ብሎ «ት»ን መጨመር ነው። ሀ ሁ ሂ ብዬ ላደግሁት ለእኔ ይህ እንግዳ ሊሆንብኝ አይገባም ነበር። ከ«ካ» ተነስቶ «ካት»፣ «ካፕ»፣ «ካን» ማለት ከለመደ በኋላ ቤት መምታቱ አይከብደውም።

የፊደል ስም ብቻ ማስጠናትም አይጠቅምም፤ «ደብልዩ» በሚለው ስም መነሻ ላይ የፊደሉ ድምፅ የለም።

«ጉድ ሞርኒንግ» ለማለት «ጉን ሞርኒንግ» ያለን ልጅ ግድየለሽ ብሎ መቆጣት ደግሞ ግፍ ነው፤ በኮሪያኛ እንደ «ድ» ያለ ተነባቢ ከ«ም» ፊት ሲመጣ ወደ አፍንጫ ድምፅ ይለወጣል።

በመጨረሻም ጆሮ ሳይለይ አፍን ማረም አለ። ኮሪያኛ «ፍ» ስለሌለው ልጁ «ኮፊ»ን በ«ፕ» ይጠራል፤ አሥር ጊዜ «ድገም» ቢባልም ያንኑ ይመልሳል። እኔ አሁን ሁለት ካርድ እሰጠውና «ፋን» ስል አንዱን፣ «ፓን» ስል ሌላውን እንዲያነሳ አደርገዋለሁ፤ ሳይሳሳት ማንሳት ከቻለ በኋላ ነው የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር እንዴት እንደሚነካ በመስታወት የማሳየው።