ታፔላ እያነበባችሁ እንግሊዝኛ አስጠኑ

ልጃችሁ እንግሊዝኛ ሲያነብ አናባቢው ላይ የሚደናቀፍ ከሆነ፣ 26ቱን ፊደላት ደጋግሞ ማስቆጠር ብዙም አይፈይድም። በእኛ ፊደል "ቦ" የትም ብትገባ "ቦ" ናት። የእንግሊዝኛዋ "ኦ" ግን እንደ ጎረቤቷ ትለዋወጣለች። ስለዚህ ቃሉን በክፍለ ቃል እየቆረጣችሁ አሳዩት።

ባሕር ዳር ላላችሁ ደብተርም አያስፈልግም። ጣና ዳር ስትናፈሱ ታፔላው ይበቃል። "ሆቴል" የሚለውን ያዙ። ለሁለት ይቆረጣል። የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው በ"ኦ" ነው፤ የሚዘጋት ተነባቢ ስለሌለ "ኦ" የራሷን ስም ትጠራለች። ሁለተኛው በ"ኤል" ስለተዘጋ አናባቢው ያጥራል። ክፍትና ዝግ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ልጁ እነሱን ከለየ ትልቁን ሥራ ጨርሷል።

"ሌክ" ላይ ደግሞ መጨረሻ ያለችው "ኢ" አትነበብም፤ ሥራዋ "ኤ"ን በስሟ ማስጠራት ነው። ቤት ስትገቡ "ኬፕ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና የመጨረሻዋን ፊደል በጣት ሸፍኑ። "ካፕ" ይሆናል። ልጆች ይቺን ጨዋታ ይወዷታል።

"ቦት" (ጀልባ) ላይ ሁለት አናባቢዎች ተጣምረው አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። "ማርኬት" ላይ "አር" ከፊቷ ያለውን አናባቢ ትጎትተዋለች። እንደ "ቴብል" ያለው አጨራረስ ስድስተኛውና የመጨረሻው የክፍለ ቃል ዓይነት ነው፤ እሱ ቆይቶ ይደርሳል።

"ካፌ" ላይ ግን አትጨቃጨቁ። ከፈረንሳይኛ የመጣ ስለሆነ ደንቡ አይገዛውም፤ እንዲሁ ይሸምድደው።